ያልተነሳው የወሰን ድንጋይ

ማስተማር ከተውኩ ቆየሁ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ግን አልተወኝም። ጋዜጣ ሳነብ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ሳይ፣ የሠርግ ጥሪ ሲደርሰኝ ሳይቀር እጄን ይበላኛል። ይህን ጠባዬን የሚያውቁ የድሮ ተማሪዎቼ አልፎ አልፎ የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ። ግጥም የሚያመጣ አለ፤ ልብ ወለድ የሚያመጣም አለ። አንደኛው ግን ያመጣልኝ የምርጫ ቅስቀሳ ጽሑፍ ነበር።

ሰውዬው የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ከእኛ ዘንድ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ አገሩ ተመለሰና አማርኛ ማስተማር ያዘ። ለ2013ቱ ምርጫ የግል ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ አስቦ፣ በእጁ የጻፈውን 14 ገጽ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ቋንቋውን ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። ቋንቋን ከሐሳብ ነጥሎ ማየት የሚቻል መስሎት ነው፤ እኔ እንዲያ ብዬ አላስተማርኩትም። በመጨረሻ ሳይመዘገብ ቀረ። ለምን እንደቀረ ኋላ እመለስበታለሁ። ጽሑፉ ግን እኔ ጋ ቀረ። ስሙን እንዳልጠራ አስጠንቅቆ በሐሳቡ ላይ እንድጽፍ ስለፈቀደልኝ፣ ዛሬ ያንን ጽሑፍ እንደማንኛውም መጽሐፍ ልሄሰው ነው።

ጽሑፉ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ አገሩ ነው፤ ይህ ክፍል ግሩም ነው። ቦረናን፣ ወግዲን፣ ከለላን፣ ሳይንትን በእግሩ የሚያውቅ ሰው እንደሚጽፈው አድርጎ ነው የጻፈው። በአንድ በኩል የዓባይ ገደል፣ በሌላ በኩል የበሽሎ ገደል፣ መሐል ላይ የቀረ ደጋ። ገበሬው ከታች ውሃው ሲያልፍ እያየ ከላይ ዝናብ ይጠብቃል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት አልጠቀሰም፤ መጥቀስም አላስፈለገውም። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ደሴ ስለሚወስድ መኪና የጻፋት አንዲት አንቀጽ አለች፤ አንድም ቅጽል የለባትም። ከዳር እስከ ዳር ሳነባት እስክሪብቶዬን ክዳኑን አልከፈትኩትም። ከእኔ ዘንድ ይህ ትልቅ ሙገሳ መሆኑን ተማሪዎቼ ያውቃሉ።

ሁለተኛው ክፍል ርእስ አለው፤ «ጄሪማንደሪንግ በእኛ አገር» ይላል። ቀዩ እስክሪብቶ የወጣው እዚህ ላይ ነው።

የተማሪዬ ክስ ባጭሩ ይሄ ነው። ገዥው ፓርቲ የምርጫ ክልሎችን ለራሱ በሚያመች መንገድ ቆራርጦ አስምሯቸዋል፤ የቦረና ሰው ድምፅ ዋጋ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ የግል ዕጩ ያሸንፍ ነበር። ክሱ በንዴት የተጻፈ ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ንዴት ለክስ ጉልበት ይሰጠዋል እንጂ ማስረጃ አይሆነውም።

ለመሆኑ ጄሪማንደሪንግ ምንድን ነው? ቃሉ የተወለደው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ ግዛት ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጄሪ፣ ፓርቲውን የሚጠቅም የምርጫ ክልል ካርታ በፊርማው አጸደቀ። ከክልሎቹ አንዱ እንደ እንሽላሊት የተጠማዘዘ ነበርና የቦስተን ጋዜጦች «ሳላማንደር» ከሚባለው እንስሳ ስምና ከገዥው ስም አዳቅለው ስም አወጡለት። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ምርጫ የጄሪ ፓርቲ በድምፅ ከተቀናቃኙ ጥቂት አንሶ ሳለ፣ በግዛቲቱ የላይኛው ምክር ቤት 29 ለ 11 አሸነፈ።

አሠራሩ ሁለት ዘዴ አለው። አንዱ የተቃዋሚህን ደጋፊ በሙሉ አንድ ቦታ አጉረህ፣ እዚያ በሰፊ ብልጫ አንድ ወንበር ብቻ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ሌላው ደጋፊውን ቆራርሰህ ለየጎረቤቱ ታድልና የትም ቦታ ብልጫ እንዳያገኝ ታደርገዋለህ። ካርድ የሰረቀ የለም፤ ኮሮጆ የገለበጠ የለም። የተሰረቀው መስመሩ ነው። ይህ በሽታ ዛሬም አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፓርቲ ጥቅም ተብሎ የተሰመረ ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳይ አይደለም ብሎ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ሪፐብሊካኖችን አምስት ያህል ወንበር ያስጨምራል የተባለ አዲስ ካርታ አወጣች፤ ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ለዲሞክራቶች በሚያመች ካርታ አጸፋውን መለሰች። ስለዚህ ተማሪዬ በሽታ አለ ማለቱ ትክክል ነው። ጥያቄው በሽታው የእኛ ነው ወይ ነው።

መጀመሪያ ቃሉ። መካነ ሰላም ገበያ መሐል ቆመህ «ጄሪማንደሪንግ» ብትል ሰው የመድኃኒት ስም ይመስለዋል። «ወሰን ገፊ» ብትል ግን ዕቃውን አስቀምጦ ያዳምጥሃል። ወሰን ገፊን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሌሊት ድንጋይ ነቅሎ አይደለም የሚሰርቀው። ባረሰ ቁጥር አንድ ፈር ወደ ጎረቤቱ ይጠጋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አንድ ፈር። ጎረቤቱ የነቃ ዕለት ሰፋ ያለ መሬት ሄዷል። ይህን የመሰለ ቃል በእጁ ሳለ ከቦስተን ጋዜጣ ቃል መበደር ለምን አስፈለገ? የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጨቃጨቅም ነበር። ችግሩ ቃሉን ሲዋስ በሽታውንም አብሮ መዋሱ ነው። የሌላ ሰው በሽታ የራስህ ነው ብለህ ስትታከም ደግሞ የራስህ በሽታ ሥር ይሰዳል።

እስቲ ክሱን እንመርምረው። የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች 547 ናቸው። በ1992 ምርጫ 547፣ በ1997 ምርጫ 547፣ በ2002ም በ2007ም ያው 547። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ጣሪያውን 550 አድርጎ፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር ለአናሳ ብሔረሰቦች ይተዋል። የምርጫ ክልሎቹ ወረዳን መሠረት አድርገው የተከለሉ ናቸው። ተማሪዬ እንደ ትልቅ ማስረጃ የጠቀሰው የወረዳዎችን መከፋፈል ነው። መሐል ሳይንት ከሳይንት ተከፍሎ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኗል፤ እውነት ነው። በየዞኑ እንዲህ የተከፈለ ወረዳ ብዙ ነው። ነገር ግን ወረዳ ሲከፈል የሚጨመረው አስተዳዳሪ፣ ጽሕፈት ቤትና ማኅተም ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንበር አልጨመረም። ተማሪዬ የአስተዳደር ወሰንንና የምርጫ ወሰንን አንድ አድርጎ አይቷቸዋል። «ክልል» የሚለው ቃላችን ለሁለቱም ማገልገሉ ሳያሳስተው አልቀረም።

ሌላም ፈተና አለ። አዲስ አበባን እንመልከት። በ1997 ቅንጅት የከተማዋን 23 የፌዴራል ወንበሮች በሙሉ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫም 137ቱን። በ2002 ከነዚያው 23 ወንበሮች 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከዜሮ ወደ 22! ወንበሩ ያው 23 ነው። እንግዲህ ይህን የሚያህል ግልበጣ ያመጣው መስመር ማጣመም አይደለም። በመሐሉ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ፓርቲው ተበታተነ። በዚህ ላይ ሕጋችን «በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ ሁሉን ይወስዳል» የሚል ነው። ሁለተኛ የወጣው የቱንም ያህል ድምፅ ቢያገኝ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው።

የአገሪቱን ውጤት ደግሞ እዩት። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545 ወንበር ያዙ። በ2007 ሁሉንም ያዙ። ወሰን የሚገፋው እኮ ጎረቤት ያለው ሰው ነው። ማሳው ሁሉ የሱ የሆነ ሰው የማንን ወሰን ይገፋል? እንዲህ ባለ ጊዜ መስመሩን እየቆጠሩ መቀመጥ፣ ቤቱ እየነደደ ስለ አጥሩ ማማረር ነው።

ታዲያ የምርጫ ወሰናችን ጤነኛ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። እንዲያውም ታሟል፤ ሕመሙ ግን ተማሪዬ ከጻፈው ተቃራኒ ነው። የእኛ ችግር ወሰኑ መገፋቱ ሳይሆን ድንጋዩ መነሳት ሲገባው ተተክሎ መቅረቱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ምን ይላል? በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፤ በውጤቱ መሠረት ምርጫ ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይወስናል ይላል። ግልጽ ነው። ሰው ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ይሰደዳል፤ ስለዚህ ወሰኑ ከሰው ጋር ይሂድ ማለት ነው። እኛ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ነው። ቀጣዩ በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አስተላለፉት። በ1999 የተወለደ ልጅ ለመምረጥ ደርሷል፤ እሱን የሚቆጥር ግን አልመጣም።

በ1999ኙ ቆጠራ እንኳ ብንሄድ፣ የሕዝቡን ቁጥር ለወንበሩ ስናካፍል የሚከተለውን እናገኛለን። አማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ግድም ሕዝብና 138 ወንበር ስላለው፣ አንዱ ወንበር 125 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። ኦሮሚያ በ178 ወንበር፣ ለአንዱ 151 ሺህ ያህል። ትግራይ በ38 ወንበር፣ ለአንዱ 114 ሺህ ያህል። አዲስ አበባ በ23 ወንበር፣ ለአንዱ 119 ሺህ ያህል። ሶማሌ ክልልም እንደ አዲስ አበባ 23 ወንበር ነው ያለው፤ ሕዝቡ ግን 4.4 ሚሊዮን ስለነበረ አንዱ ወንበር 193 ሺህ ያህል ሰው ተሸክሟል። ሐረሪ በሁለት ወንበር፣ ለአንዱ 92 ሺህ ያህል። ለሐረሪ ማድላቱ ሕገ መንግሥቱ ለአናሳዎች ከተወው ቦታ ጋር ይሄዳል እንበል። ሌላውስ?

ይህን ስሌት ከጽሑፉ ኅዳግ ላይ ጻፍኩለት። ተማሪዬ የቦረና ሰው ድምፅ ከማንም ያነሰ እንደሆነ አድርጎ ነበር የጻፈው። በወንበር ሒሳብ ከሄድን ግን፣ በ1999ኙ ቁጥር የአንድ ቦረኔ ድምፅ ከአንድ የጅጅጋ ሰው ድምፅ አንድ ተኩል እጥፍ ይመዝናል። ይህ ለቅስቀሳ አይመችም፤ አውቃለሁ። ግን እውነት ነው።

እርግጥ ቁጥሩ ራሱ አከራካሪ ነበር። ውጤቱ በ2001 ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። ተማሪዬ ይህን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክቶት አልፏል። እኔ ብሆን ግማሹን ጽሑፍ ለዚህ እሰጠው ነበር። ቆጠራ ላይ የጎደለ ሰው ካርታ ላይም፣ በጀት ላይም፣ ወንበር ላይም ይጎድላልና። ሕዝብ የማያምነው ቆጠራ ካለ መድኃኒቱ ደግሞ ሕዝብ እያየው እንደገና መቁጠር ነው፤ መቁጠሩን መተው አይደለም።

አለመንካትም ማዳላት ሊሆን እንደሚችል እንግሊዞች ድሮ አይተውታል። ኦልድ ሳረም የሚባል ነዋሪው ተሟጦ ያለቀ ኮረብታ፣ የጥንት ከተማ ነበር ተብሎ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ማንቸስተርን የሚያህል የፋብሪካ ከተማ በበኩሉ የራሱ እንደራሴ አልነበረውም። ማንም ተንኮለኛ ሌሊት ተነስቶ ያንን ካርታ አልሳለውም። ዝም ብለው ተዉት፤ በቃ። የወሰን ድንጋይ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ሰው ሊበድል ይችላል።

ተማሪዬ የፓርቲ ተንኮል ፍለጋ መስመር ላይ ሲያፈጥ ዓይኑ ሥር ያለው ተንኮል አምልጦታል። በሚያዝያ 2000 የተካሄደውን የአካባቢ ምርጫ ያስታውሷል? ከዚያ ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ እንዲል ተደረገ። ለአንድ ቀበሌ 300 ተመራጭ! በመላ አገሪቱ ሲደመር ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ምን ክፋት አለው? ሕዝቡ በብዛት ይሳተፋል። ግን እስቲ ይታሰባችሁ፤ ይህን ሁሉ ዕጩ ማቅረብ የሚችል ማን ነው? በየቀበሌው መዋቅር ያለው አንድ ድርጅት ብቻ። ተቃዋሚው ወይ ጥቂት ዕጩ አቅርቦ ተዋጠ፣ ወይ ጥሎ ወጣ። የግል ዕጩማ ቢያሸንፍ እንኳ ከ300 አንድ ነው። ወሰን አልተገፋም፣ ካርታ አልተነካም። ቁጥር ብቻ ተለወጠ። ቦስተን ያልሰማችው፣ እዚሁ የበቀለ ዘዴ ይሄ ነው። የመካነ ሰላም ሰው በዓይኑ ያየውም ይሄንኑ ነው፤ የተማሪዬ ጽሑፍ ግን ስለ እንሽላሊት ያወራል።

በ1999 የወጣው የምርጫ ሕግ ደግሞ በአንድ የምርጫ ክልል ከ12 በላይ ዕጩ እንዳይቀርብ ይል ነበር። ከዚያ ከበለጠ ቅድሚያው ለፓርቲ ዕጩዎች ነው፤ የግሉ ዕጩ የሚጠብቀው የተረፈውን ቦታ፣ እሱንም በዕጣ። ያ ሕግ በ2011 በወጣው አዲስ ሕግ ተተክቷል። ስለ ግል ዕጩ መብት 14 ገጽ የጻፈ ሰው ይህን በር እንዴት ሳያየው አለፈ? በሩ ከመስመሩ ይልቅ ለሱ ይቀርበው ነበር።

አንድ የጎደለ ገጽም አለ። ወሰኑን ማን ይወስናል? ቦርዱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ወሳኙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትን አባላት ደግሞ በቀጥታ የመረጣቸው ሕዝብ ካልሆነ በቀር የሚልኳቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የክልል ምክር ቤቶቹን የያዘው ማን ነው? ገዥው ፓርቲ። ስለዚህ አንድ ቀን ቆጠራው ተካሂዶ ድንጋዩ የሚነሳ ከሆነ፣ ድንጋዩን የሚያነሱት ከማሳው ድርሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እውነተኛው የወሰን መግፋት አደጋ ያለው ያኔ ነው። ተማሪዬ ያላለቀውን እንዳለቀ፣ ያልመጣውን እንደመጣ አድርጎ ከሰሰና ሊመጣ የሚችለውን ሳያስጠነቅቅ ቀረ። ባለጋራ ሳይሆኑ ወሰን የሚያሰምሩ ሰዎች ከየት ይምጡ? እንዴት ይሹሙ? ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ይሁን ወይስ አይሁን? እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ የማየት ጉጉት ነበረኝ። አላገኘኋቸውም።

ሦስተኛው ክፍል መድኃኒት ነው የተባለውን ያቀርባል። መድኃኒቱ የግል ዕጩ ነው። ፓርቲ ስለሌለው አያዳላም፤ ስለማያዳላ ሕዝብን ይወክላል ይላል። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ያስፈልገናል።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እስከ 1965 በተካሄዱት አምስት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫዎች፣ ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ የግል ዕጩዎች ነበሩ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረማ! በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የምርጫ አውራጃው በተቻለ መጠን 200 ሺህ ሰው የያዘ፣ ቅርጹም እስከተቻለ ድረስ ያልተዛባ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። እንግዲህ የተማሪዬ ምኞት ሁለቱም በወረቀት ላይ ተሟልተው ነበር ማለት ነው። ቀጥ ያለ መስመርም ነበረ፣ ፓርቲ የሌለው ዕጩም ነበረ። የጎደለው ሥልጣን ነበር። እንደራሴው ሚኒስትር አይሾምም፣ አይሽርም። ወሎ በ1965 እና በ66 ሲራብ ምክር ቤቱ ነበረ፤ የወሎም እንደራሴዎች ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚህኛው ዘመንም የግል ዕጩ አሸንፎ ያውቃል። በ1997 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። በ2002 ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከቦንጋ ገቡ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ አራት የግል ዕጩዎች አሸነፉ። በአንቀጽ 56 መሠረት ግን መንግሥት የሚመሠርተው በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር የያዘ ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። ከ547 መሐል ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሕግ አያወጣም፣ በጀት አያዞርም። እንግዲህ «ፓርቲ የለኝም» የሚለው ቃል ብቻውን ፕሮግራም ሊሆን አይችልም። ፓርቲ የሌለው ሁሉ ገለልተኛ ነው ያለውስ ማን ነው? ዘመድ አለው፣ ደብር አለው፣ መስጊድ አለው፣ ወንዝ አለው።

ታዲያ የግል ዕጩ ምን ይጠቅማል? በእኔ አስተያየት ጥቅሙ አንድ ነው፤ እሱ ግን ትልቅ ነው። የፓርቲ ሰው ሊናገር የማይችለውን ሊናገር ይችላል። የፓርቲ ዕጩ ቦረና ላይ ቆሞ «የሶማሌ ከብት አርቢ ድምፅ ከእኛ ይቀላል፤ ይህ ልክ አይደለም» ሊል አይችልም፤ አለቃ አለው። የግል ዕጩ ግን ይችላል። «እኛም እንቆጠር፣ እነሱም ይቆጠሩ፣ ወንበሩ እንደ ሰው ቁጥር ይደልደል፤ ከእኛ የሚቀንስ ከሆነም ይቀንስ» ሊል ይችላል። የሌላውን መብት አክብሮ የራሱን የሚጠይቅ ሰው ክሱ ይሰማለታል። የራሱን ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን እሱም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አንድ ፈር ወደ ጎረቤት የሚጠጋ ነው። ይህንን በቀይ ጽፌ መለስኩለት። «የመጀመሪያውን ክፍል እንዳለ ተው፤ ሁለተኛውን ቀድደህ ጣል፤ ሦስተኛውን እንደገና ጻፍ» የሚል ነው ጠቅላላ አስተያየቴ።

በሳምንቱ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል። «ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ይህን ብናገር ቦረና ላይ ማን ይመርጠኛል?» አለኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ጥቂት ነው። ይሄ ከነዚያ አንዱ ሆነ። «እኔ የማርመው ጽሑፍ ነው፤ ምርጫ አይደለም» አልኩት፤ ቀልድ መሆኑ ነው። አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ነው ሳይመዘገብ የቀረው። በእኔ ምክንያት ነው ብሎ አያውቅም፤ እኔ ግን አንዳንድ ሌሊት ይመጣብኛል። የተሳሳተ ንግግር ይዞ እንዲወዳደር ትቼው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር? ሰው በተሳሳተ ንግግር ጀምሮ በትክክለኛው ሊጨርስ ይችል ነበር። ሂስ ጽሑፍን ያርማል፤ ሰውን ደግሞ አንዳንዴ ዝም ያሰኛል። ይህን የጻፍኩት በቀይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደጋው የተኩስ ድምፅ የሚሰማበት ሆነ። ጦርነቱ በምርጫ ካርታ ምክንያት መጣ የሚል ተላላ አይደለሁም። ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ሰው ካርዱ እንደማይመዝን ካመነ ሌላ የሚመዝን ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የድምፅ ሚዛን ነገር የጠበቆችና የካርታ ሠሪዎች ወሬ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ደሴ የሚያደርሰው መንገድ፣ የሚቆጠረው ልጅ፣ የሚሰማው አቤቱታ ሁሉ በዚያ ሚዛን ላይ ነው የሚወጣው።

በእኛ ገጠር ሁለት ጎረቤቶች በወሰን ሲጣሉ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌዎቹ ቤት ተቀምጠው አይፈርዱም። ሁለቱን ባለጉዳዮች ይዘው፣ ማሳውን በእግራቸው ዞረው፣ የሚያውቅ ሰው መስክሮ፣ ድንጋዩን ሁሉም እያየ ይተክሉታል። ድንጋዩ የሚከበረው ስለከበደ አይደለም፤ ሲተከል ሁለቱም ስለነበሩ ነው። ከ1999 ወዲህ ያልተነሳው የእኛ ድንጋይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ እንቆጠር። ከዚያ ቦረኔውም፣ ሶማሌውም፣ አዲስ አበቤውም ባለበት ይተከል።

ተማሪዬ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ደውሎ ነበር። ያንን ጽሑፍ እንድልክለት ጠየቀኝ። «ልትወዳደር ነው?» አልኩት። «አይ፣ ለተማሪዎቼ ላስነብባቸው ነው፤ ከነእርማትዎ» አለኝ። ፎቶ ኮፒውን እኔ ጋ አስቀርቼ ዋናውን ልኬለታለሁ።